ክዳኑ ያልተከፈተው የሌሊት መነጽር

ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ያለነው የአንድ ብሎክ ሰዎች፣ ለፋሲካ ቅርጫ የሚሆነንን በሬ ዋጋ ሳይንር ብለን በጾሙ አጋማሽ ገዛን። መርጠው ያመጡት የኮሚቴያችን ሊቀመንበር አቶ አያሌው ናቸው። በሬው ከመኪና ሲወርድ የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። "ከእኛ ይልቅ የጾመው እሱ ነው!" ብለን ሳቅን። አቶ አያሌው ግን አልሳቁም።

ብዙም ሳይቆይ ሴቶቻችን ከብሎኩ ጀርባ ለጾም የተከሉት ጎመን እየተሸመጠጠ ይጠፋ ጀመር። ጥፋቱ በዘበኛው በሞሲሳ ላይ ተላከከ። ሞሲሳ ድሮ እዚሁ ቡልቡላ ያርስ የነበረ፣ ዛሬ ባረሰበት መሬት ላይ በር የሚጠብቅ ሰው ነው። አቶ አያሌው ስብሰባ ላይ ተነስተው "ሌባው የሚመጣው ሌሊት ነው። እስከ እሁድ ካልተያዘ ዘበኛ እንቀይራለን" አሉ። ሞሲሳ ልጆቹን የሚያሳድረው በዚህችው ደመወዝ ነው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

ሊቀመንበራችን ደግ ለመምሰል ደግሞ ከአዳኝ ዘመዳቸው ከአቶ ጉግሳ፣ ጠመንጃ ላይ የሚገጠም የሌሊት መነጽር አስመጡ። ጠመንጃ የለንም። ሞሲሳ መነጽሩን በጎማ ቁራጭ ዱላው ላይ ጠፍሮ አሰረውና ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ጉግሳ በር ላይ ቆመው ሲያስረዱ "በቀን ክዳኑ እንዳይከፈት፣ ይቃጠላል" አሉ። አቶ አያሌው ይህን ሰምተው ሄዱ። ቀጥሎ የተባለውን የሰማው ሞሲሳ ብቻ ነው፤ ክዳኑ መሃል ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍት አለች፣ ቀን ላይ በእሷ በኩል እያዩ ማስተካከል ይቻላል።

ዓርብ ከሰዓት ሰው ቅዳሴ ሄዶ ግቢው ጭር ሲል፣ ሞሲሳ ዱላውን ከሩቅ ወደ ጎመኑ አቅንቶ አሸዋ የሞላ ጆንያ ላይ አስደግፎ ዓይኑን መነጽሩ ላይ ተከለ። በዓይኑ በኩል ያለውን ቀለበት አዞረ፤ ጉም። የፊተኛውን አዞረ፤ አሁንም ጉም። አቶ አያሌው በዚያ ሲያልፉ አዩት።

"ምን እያየህ ነው?"

"እያስተካከልኩ ነው ጋሼ።"

"ክዳኑን ሳትከፍት?" ከት ብለው ሳቁ። "አይ ሞሲሳ! በል በርታ።"

ሞሲሳ የፊተኛውን ቀለበት መልሶ በትንሹ ነካ አደረገው። የጎመኑ መደብ ጥርት ብሎ መጣ። መሃሉ ላይ አቶ አያሌው አጎንብሰዋል! አንድ እቅፍ ሸመጠጡ፣ ግራ ቀኝ ገላመጡ፣ ወደ በሬው ሄዱ። ሞሲሳ ንዴቱን ዋጥ አደረገ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፣ እኔና እትዬ ምንትዋብ ከቅዳሴ የተመለስነው ልክ በዚያን ጊዜ ነው።

"እትዬ፣ እስቲ ይህን ነገር ይዩልኝ። የእኔ ዓይን ያየውን ማመን አቅቶታል።"

ከጎመኑ ግማሹን የተከሉት እትዬ ምንትዋብ ናቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀለበቱን ለራሳቸው ዓይን አስተካከሉ። ቆይተው አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና ጮኹ፦

"አቶ አያሌው! ሽንኩርትና ዘይትስ ጨመሩበት?"

ሰውየው ደርቀው ቀሩ። በሬው ግን ከእቅፋቸው እየጎተተ መብላቱን አላቆመም። "ከሲታ አመጣ ብላችሁ ስታሾፉብኝስ!" አሉ እንደ ልጅ አኩርፈው። አሳዘኑኝ፤ ሳቄን ግን መቻል አልሆነልኝም።

"የእሁዱ ስብሰባ አይቀርም" አሉ እትዬ ምንትዋብ። "ዘበኛው ባለበት ይቆያል። የምንቀይረው ሊቀመንበር ነው።"

ሞሲሳ እፎይ ብሎ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ።