ሐኪሟ የሰፋችው የአዝራር ቀዳዳ

ወንድሜ ሰው የሚመዝነው በአዝራር ቀዳዳ ነው። በአርባ ሁለት ዓመት የልብስ ስፌት ሥራው ማንንም ሳይፈትን ቀጥሮ አያውቅም። ሥራ ፈላጊ ሲመጣ አንዲት እራፊ ጨርቅ፣ መርፌና ክር ይሰጠውና «እስቲ አንድ የአዝራር ቀዳዳ በእጅህ ሥራልኝ» ይለዋል። አሳምሮ የሠራ ይቀጠራል። ያበላሸ ሰው ግን አማላጅ ቢያሰልፍም ዋጋ የለውም። ሱቁ በር ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል፤ እኔ ደግሞ «የወደቀ ሰውም አይመለስም ብለህ ጨምርበት» እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት አስተምሬም መርቼም ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ቁጣዬ ግን አብሮኝ አልወጣም። ስለ እኔ ማወቅ ያለባችሁ ሌላው ነገር ሆዴ ውስጥ የወንድሜ ኩላሊት መኖሩን ነው። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት የራሴ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቆሙ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ደም ከሚያጥበው ማሽን ጋር ታስሬ ኖርኩ፤ ከዚያ እሱ አንዱን ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ንግግር አላደረገም። «ሁለት መቀስ ያለው ሰው አንዱን ቢሰጥ ምን ይጎድልበታል?» ብሎ ጋደም አለ፣ ቀደዱት፣ በወሩ ሱቁን ከፈተ።

ዘንድሮ በቀረችው በዚያች በአንዲቷ ኩላሊቱ ላይ እጢ ተገኘ። ክፉ እጢ ስለሆነ መውጣቱ አይቀርም። ጥያቄው ኩላሊቷ አብራ ትወጣለች ወይስ ትተርፋለች የሚለው ነበር። ከወጣች ወንድሜ በስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ ያንን የእጥበት ወንበር ይወርሳል። ወንበሩን አውቀዋለሁ። ከእሱ ላይ ተነስቶ ቤቱ የገባ ሰው ደረጃ ለመውጣት ሁለቴ ያርፋል። ለእኔ ባይሰጠኝ ኖሮ ዛሬ መለዋወጫ ነበረው።

የተመራነው አርባ ዓመት ገደማ ወደሆናት፣ አጠር ወዳለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ወዳንጠለጠለች ቀዶ ሐኪም ነበር። እጢውን ብቻ ቆርጣ አውጥታ የተረፈውን ኩላሊት እንደምትሰፋው፣ ይህንንም በሮቦት እንደምትሠራ ነገረችን። እኔ ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አስራ ሰባት ጥያቄ ጽፌ ነው የመጣሁት። ወንድሜ ይህን ሲያይ ክንዴን ጎሸም አድርጎ «ሐኪምን በጥያቄ አያፋጥጡም፣ ይሉኝታ ይኑርሽ እንጂ» አለኝ።

«ይተዉዋቸው አባባ» አለች ሐኪሟ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። የማይጠይቅ በሽተኛ ነው እኔን የሚያስፈራኝ።»

«እንግዲያው ንገሪኝ» አልኩ፤ ርዕሰ መምህርት የነበረች ሴት ሁሉንም «አንቺ» ነው የምትለው። «የምትቀድጂው አንቺ ነሽ ወይስ ሮቦቱ?»

«ሮቦቱ በራሱ አንዲት ክር አይበጥስም። ሆዳቸው ላይ አምስት ወይም ስድስት ትንንሽ ቀዳዳ እንበሳለን፤ በእነሱ ካሜራውና ቀጫጭኖቹ መሣሪያዎች ይገባሉ። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ከአልጋው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። በመመልከቻ መስታወት ውስጣቸው ጎልቶ ይታየኛል። እጄን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር መሣሪያው ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኔን ከመመልከቻው ካነሳሁ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ረዳቴ ደግሞ አልጋው አጠገብ ነው፤ ከጎናቸው አይለይም።»

«ስንት ኩላሊት ሠርተሽበታል?»

«ሁለት መቶ አስራ አራት።»

«ስንቱ ተበላሸብሽ?»

ወንድሜ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሐኪሟ ግን ቅር አላላትም። «በአስራ አንዱ ደም አላቆም ስላለን ወይም ቦታው ስላልተመቸን ሮቦቱን አቁመን፣ ሆድ ከፍተን በእጅ ጨርሰናል። በሦስቱ ኩላሊቱን ማትረፍ አልቻልኩም። እርስዎም ላይ ይህ ሊመጣ ይችላል አባባ። ፊርማ ሲፈርሙ ለእሱም ጭምር መፈረምዎን ይወቁት።»

ሠላሳ ዓመት ከተማሪና ከወላጅ ፊት ለፊት ተቀምጬ ውሸታም ማለት ምን እንደሚመስል ተምሬያለሁ። ይህች ሴት አትዋሽም። ወደድኳት። ወንድሜ ግን ከሰማው ሁሉ ጆሮው ላይ የቀረችው «በእጅ» የምትለው ቃል ብቻ ነበረች። እጁን ኮት ኪሱ ከተተና እራፊ ጨርቅ፣ መርፌና ክር አወጣ።

«ልጄ» አላት፣ «እስቲ አንድ የአዝራር ቀዳዳ በእጅሽ ሥሪልኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሐኪሟ አልሳቀችም። መነጽሯን አድርጋ ጨርቁን ተቀበለችው፣ ደጅ በሽተኛ ተሰልፎ እየጠበቀ አስር ደቂቃ ሙሉ ሰፋች። ስትጨርስ ያየሁትን እግዜር ያሳያችሁ፤ አይጥ የበላችው ይመስላል። ወንድሜ አገላብጦ አየው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ አመስግኖ ተነሳ።

«አልቀደድም» አለኝ አውቶቡስ ውስጥ።

ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። እኔ ጮህኩ፤ እሱ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየጠቆመ መለሰ። «ሮቦቱን ትቼ በእጄ የምጨርስበት ቀን አለ ብላለች። ያ ቀን የእኔ ቀን ቢሆንስ? በዚህች እጅ?» ግትር ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። ግን እጢ ልብስ አይደለም፣ እስኪመቸን ድረስ ተንጠልጥሎ አይጠብቅም።

በአራተኛው ቀን ለእሱ ሳልነግረው ብቻዬን ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። «የሱን ማትረፍ ካልቻልሽ የእኔን አውጥተሽ መልሽለት» አልኳት። «መጀመሪያም የሱ ነች።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህ አይሆንም» አለች ቀስ ብላ። «ሃያ ሁለት ዓመት እርስዎ ውስጥ የኖረችን ኩላሊት ነቅዬ ለሌላ አልሰጥም። እርስዎን ለማሽን ዳርጌ እሳቸውን አላድንም። እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራም።» ከዚያ ትንሽ አሰበችና «ነገ ጠዋት ይዘዋቸው ይምጡ» አለችኝ። «ያቺን ጨርቅም እንዳይረሷት።»

በነጋታው ወደ መለማመጃ ክፍል ወሰደችን። ሮቦቱ እዚያ ቆሟል፤ አራት ረጃጅም ክንድ አለው፣ በእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የምታንስ መቆንጠጫ አለች። ሐኪሟ የወንድሜን እራፊ ከክንዶቹ ሥር ወጠረችው፣ ራቅ ብሎ ካለው መቀመጫ ላይ ቁጭ ብላ ግንባሯን መመልከቻው ላይ አሳረፈች። ክንዶቹ ተነሱ። እውነት እላችኋለሁ፣ ያን የመሰለ ነገር አይቼ አላውቅም። ያቺ መቆንጠጫ የሰው አንጓ ወደማይዞርበት አቅጣጫ ሁሉ እየዞረች፣ ሳትቸኩል ሳትንቀጠቀጥ መርፌዋን ታቀብላለች፣ ትቀበላለች። ከዚያ ከአስቀያሚው ቀዳዳ አጠገብ የሩዝ ፍሬ የምታህል የአዝራር ቀዳዳ ተሠራች።

ወንድሜ ጨርቁን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ዓይኑ ሥር አስጠጋት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጥልፉን እየቆጠረ ነው።

«ሃያ ሦስት» አለ። «ሁሉም እኩል።»

«አባባ» አለች ሐኪሟ፣ «ከዚያች ከመጀመሪያዋ በፊት የአዝራር ቀዳዳ በሕይወቴ ሰፍቼ አላውቅም ነበር። በእርስዎ ሙያ ፈተኑኝ፣ ወደቅኩ፤ አይገርምም። ኩላሊት ግን ይህ ማሽን ከመምጣቱ በፊት ስምንት ዓመት ሆድ ከፍቼ በእጄ ስሰፋ ነው የኖርኩት። ሮቦቱ ድንገት ቢቆም የምመለሰው ወደዚያ ነው። እርስዎ የስፌት መኪና ስለገዙ በእጅ መስፋት ረሳዎት?»

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እሱ ደብቆታል፣ እኔ ግን አውቃለሁ። ወንድሜ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል። የአዝራር ቀዳዳ መሥራት ትቷል። ሠራተኞቹን ይፈትናል እንጂ ራሱ መርፌ አይነካም፤ ሰው ፊት ሲቀመጥ እጁን ጠረጴዛ ሥር ያደርጋል። ሐኪሟም አይታው ኖሯል። «ይቀመጡ» አለችው ወንበሯን ለቃ። «ይሞክሩት፤ መለማመጃ ነው፣ የሚጎዱት ሰው የለም።»

ተቀመጠ። ጣቶቹን መያዣዎቹ ውስጥ አስገባችለት። እኔ በግድግዳው ስክሪን ላይ እያየሁ ነበር። የወንድሜ እጅ እንደልማዱ ይንቀጠቀጣል፤ መርፌዋ ግን ማሽኑ ንቅጥቃጡን እያጣራላት ረግታለች። ጨርሳ ዝም አላለችም፣ ግን ረግታለች። አንዴ ወጋ፣ ጎተተ። ሁለተኛ። ሦስተኛውን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ጥልፉ ግን እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤት ልብሴ ላይ የማውቀው የሱ ጥልፍ ነበር። ራሱን ከመመልከቻው ሲያነሳ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔማ ቀድሜ አልቅሻለሁ።

«መቼ ነው?» አላት።

«በአስራ ሁለት ቀን።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ጣቴን ስለሚያመኝ በየጠዋቱ አንድ አስፕሪን እውጣለሁ። እታለም እንዳትቆጣ ብዬ ነው፤ አንድ ኩላሊት ይዘህ የሕመም ማስታገሻ እንዳትነካ ብላ አስምላኛለች።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!» ብዬ ጮህኩ። ሐኪሟ ግን ወረቀቷ ላይ ጻፈች። አስፕሪን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ከቀዶው አስቀድሞ መቼ እንደሚያቆም ነገረችው። «ሌላ የሚውጡት ነገር ካለ፣ ከቅጠል የተቀመመም ቢሆን አሁኑኑ ይንገሩኝ» አለች። «ሮቦቱ ይህን አያውቅም። እኔም ካልነገሩኝ አላውቅም።»

በቀዶው ቀን ማለዳ አልጋው ሊገፋ ሲል ሐኪሟ መጣች። ወደ ኩላሊቷ የሚሄደውን ደም ለጊዜው እንደምትዘጋ፣ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሰዓት እንደሚቆጠር፣ ቆርጣ ሰፍታ ደሙን ከሃያ አምስት ደቂቃ በታች ልትለቀው እንደምትፈልግ ነገረችን። «ሮቦት ነው ብለው ደግሞ ሕመም የለውም አይበሉ» አለችው። «ሆድዎን በጋዝ ስለምንነፋው ትከሻዎን ሊያምዎት ይችላል። ነገ ደግሞ ቢያምዎትም አስነስተን እናራምድዎታለን።»

«አስር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ» አላት ወንድሜ።

መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዓት ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ አልኩ እንጂ አልተቀመጥኩም። የግድግዳው ሰዓት ሦስት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል ብዬ ከጥበቃው ጋር ተጣላሁ። በሆዴ ጎን ያለችውን የሱን ኩላሊት በመዳፌ ይዤ ኮሪደሩን ስመላለስ ዋልኩ። የሰጠኝን ይዤ እዚህ በጤና እቆማለሁ፤ እሱ ውስጥ በቀረችው በአንዲቷ ሰዓት እየተቆጠረበት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

በሩ ሲከፈት ሐኪሟ ግንባሯ ላይ የመመልከቻው ምልክት ቀይ ሆኖ ቀርቷል።

«አስራ ዘጠኝ ደቂቃ» አለችኝ። «እጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ኩላሊቷ ቦታዋ ላይ ናት። መሥራት አለመሥራቷን ግን እስከ ነገ ከሽንታቸው እናያለን።»

እጆቿን ይዤ ሳምኳቸው። ያንን አስቀያሚ የአዝራር ቀዳዳ የሠሩትን እጆች። በተከፈተው በር ውስጥ ሮቦቱ ክንዶቹን አጥፎ በፕላስቲክ እንደተሸፈነ ቆሞ አየሁትና፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳልል እሱንም አመሰገንኩት።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ወንድሜ ነቅቶ ትከሻውን እያሸ ይነጫነጫል። ሸሚዙን ገልቦ ስድስቱን ትንንሽ ቁስሎች መርምሯል። «ቆዳውን የሰፋው ማነው?» አለኝ።

«ረዳቷ ነው አሉ። በእጁ።»

«ያስታውቃል።»

ልስቅ ብዬ አፌን ስከፍት ለቅሶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም፤ ተንሰቅስቄ፣ ተንሰቅስቄ፣ ለሐኪሟ ያልኳትን ሁሉ ነገርኩት። የሱ ካልተረፈች የእኔን አውጪና መልሽለት ማለቴን፣ እሷም አይሆንም ማለቷን።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የተቆጣ መሰለኝ።

«እታለም» አለ፣ «ሱቄ በር ላይ የተጻፈው ምንድነው?»

«ወንድም ጋሼ፣ አሁን የሱቅ ወሬ ነው?»

«አንብቢልኝ እንጂ። አስተማሪ አይደለሽ?»

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አልኩ አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

«የተሸጠው ካልተመለሰ» አለ፣ «የተሰጠው እንዴት ይመለሳል?»

የሚንቀጠቀጥ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቶ፣ ሳይደብቀው፣ እጄ ላይ አሳረፈው። ነርሷ ገብታ ጎንበስ አለችና ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለችውን የሽንት ከረጢት ወደ ብርሃኑ አነሳቻት። ከግማሽ በላይ ሞልታ ነበር።