በማን ስም ይጻፍ?

ታናሽ እህቴ መኪና ልትገዛ በሄድንበት ቀን ገዢዋ እኔ ነኝ እንድል ተስማማን። ሐሳቡ የእሷ ነው።

«የእኔ ፊት ያሳብቃል፤ የወደድኩትን ሳይ አፌ ይከፈታል። አንቺ ግን እታለም፣ ሰርግ ላይ እንኳ ፊትሽ የለቅሶ ነው» አለችኝ። ማሞገሷ ነው።

ቤት ውስጥ ቅምጥል ነው የምንላት። አሥረኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት በቃኝ ብላ ፀጉር ቤት ተቀጠረች፤ አሁን የራሷ ሁለት ፀጉር ቤት አላት። እኔ በኬሚስትሪ ተመርቄ የውሃ ናሙና እመረምራለሁ። የክብር ልብሴ ነጭ ጋዋን ነው፣ እሱም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በተመረቅኩ ዓመት ነበር፤ መኪናው ይከተላል ብዬ። እናቴ ያኔ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ ስቃብኛለች። ይህ ተረት በቤታችን ለእኔ ብቻ የተቀመጠ ነው። ቅምጥል መንጃ ፈቃድ ሳይኖራት መኪና ልትገዛ መሆኑን ስትሰማ ግን ምንም አልተረተችም። «ታዲያ እስክትለምድ እህቷ ትነዳላታለች» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ቅናት ነው። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ሻጯ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራሳችን ቃኘችን፤ የእኔን ያለቀ ጫማና የቅምጥልን ረጃጅም ጥፍር። መኪናዋን ልጇ ነው የገዛላት፤ ጉልበቷ ፍሬን መርገጥ እንቢ ስላላት ግቢዋ ውስጥ አቁማታለች።

ትንሽ ሰማያዊ መኪና ናት። የወንበሮቿ ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። ጎማዎቿ ላይ ከፋብሪካ የወጡበት ቀጫጭን የጎማ ፀጉር ሳይቀር እንደቆመ ነው።

«ውይ፣ ፀጉሯ እንኳ አልተላጨም!» አለች ቅምጥል። በክርኔ ጎሸም አደረግኳት።

መሪው ፊት ተቀመጥኩ። ወንበሩን ወደፊት ሳብኩት፤ መስተዋቱን ለዓይኔ ልክ አዞርኩት። ለማስመሰል ያን ያህል አያስፈልግም ነበር። ከዚያ ወርጄ ማጣጣል ጀመርኩ።

«ጠባብ ናት። ዳገት ላይ ትለምናለች። ቀለሟ ፀሐይ አይችልም። ቆማ የከረመች መኪና ደግሞ ባትሪዋን ማመን አይቻልም።»

አንዱም አልከበደኝም። ቅምጥል ፎቶዋን ካሳየችኝ ጊዜ ጀምሮ በሆዴ ሳጣጥላት ነው የከረምኩት። ዳይሬክተሯ ግን ዕድሜ ልኳን ልጆች ሲዋሹ ስትሰማ የኖረች ሴት ናት።

«ልጄ፣ ሰው ያልወደደውን ይህን ያህል አይሰድብም» አለችኝ።

«እሺ እትዬ፣ መጨረሻ ስንት ይላሉ?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

«የመጨረሻ መጨረሻስ?»

«ከመጨረሻ በኋላ ምን አለ? በሩ ነዋ!»

ተናድጄ ወደ በሩ ልሄድ ስል ቅምጥል አፏን ከፈተች።

«እትዬ፣ እባክዎ ይራሩላት። ደመወዝተኛ ናት እኮ። ጠዋትም ማታም በታክሲ ተጋፍታ ነው። የምትኖርባትን ክፍል ቢያዩ፣ ከአልጋዋ ሳትነሳ በሯን ትከፍታለች። ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ምን አገኘች? ይቺን ካላገኘች ዕድሜ ልኳን በእግሯ መቅረቷ ነው።»

ውሸት ቢሆን ኖሮ አልናደድም ነበር። አንድ ቃል አልጨመረችም። እንዲህ አድርጋ እንደምታየኝ ግን አላውቅም ነበር።

ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞረች። «ምንድን ነው የተማርሽው?»

«ኬሚስትሪ።»

«ኬሚስትሪ!» አለች፤ የሞተ ሰው ስም የነገርኳት ይመስል። «እኔም ሳንባዬ በጠመኔ ብናኝ ነው ያለቀው።» መኪናዋን አየች፤ ጫማዬን አየች። «በይ ከስምንት እጅ አንዱን ተውኩልሽ። ለአንቺ ብዬ ነው። ገዢዋ ይቺ ጥፍራም ብትሆን ሳንቲም አልቀንስም ነበር።»

ቅምጥል እጆቿን ወደ ጀርባዋ ደበቀች።

እንግዲህ ቅናሹ የእኔ ነው፤ መኪናዋ የእሷ። ድህነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ወጥቶ ዋጋ ሲያገኝ ትርፉ ሌላ ኪስ ገባ።

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አድርጋ ለውሉ ወረቀት አመጣች። «የገዢ ስም?»

«ገዢዋ እሷ ናት» ብል ቅናሹ ይቀራል፤ ሴትዮዋ መዋሸታችንን ካወቀች መኪናዋም ትቀራለች። ልለው ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ቅምጥል ቀደመችኝ።

«የእሷን ይጻፉ እትዬ» አለችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «በኋላ ወደ እኔ እናዞረዋለን። አንቺን ያላመንኩ ማንን ላምን?»

መታወቂያዬን አወጣሁ። ዳይሬክተሯ በዚያ በጥቁር ሰሌዳ እጅ ጽሑፏ እስከ አያቴ ድረስ ጻፈችኝና ጮክ ብላ አነበበችው። ስሜ እንዲህ አምሮ ሰምቼው አላውቅም።

ገንዘቡ ከቅምጥል ስልክ ሲተላለፍ ሴትዮዋ ቅንድቧን አነሳች። ቅምጥል ወዲያው፣ «እጇ ስለሚያፈስ እኔ ጋ ነው የምታጠራቅመው» አለች።

«የታደልሽ!» አለችኝ ዳይሬክተሯ፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ እያስቀመጠች። «እንዲህ ያለች እህት ለሁሉም አይሰጥም።»

ከግቢው በቀስታ ወጣሁ። መንዳት አልረሳሁም። ቅምጥል አጠገቤ ተቀምጣ ሬዲዮውን ከፈተች፣ ዘጋች፣ መስኮቱን አወረደች፤ ቀጥሎ ጥፍሯን ወንበሩ ላይ ካለው ላስቲክ ሥር አስገባች።

«ተይው፣ አትንኪው!» አልኳት።

«እሺ፣ ባለ መኪና!» ብላ ሳቀች። ቀልድ መስሏታል። እኔም ቀልድ መሆን አለመሆኑን አላጣራሁም።

ቀይ መብራት ላይ ቆምን። ውሉ ከመታወቂያዬ ጋር የእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዬ ጭኔ ላይ።

«ሰኞ ፀጉር ቤት አልገባም» አለች። «ሄደን ስሙን እናዙረው፣ እ?»

«ምን አስቸኮለሽ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ትታ አየችኝ፤ ያ ሁሉን የሚያሳብቅ ፊቷ አሁን ምን እንደሚል በደንብ ይነበብ ነበር። ወደ እሷ አልዞርኩም። ለዓይኔ ልክ ያዞርኩት መስተዋት ውስጥ ጡሩምባውን የሚያስጮኸውን የኋላ ታክሲ አየሁት፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል። ነዳሁ።