ለኋላ ወንበር የሚደርስ ጥፊ

ሚጡ ከልምምድ ስትመለስ መጀመሪያ የማየው ጉንጯን ነው። ደህና ዋልሽ ሳልላት፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ አገጯን ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራታለሁ።

«እማማ፣ ቲማቲም እየመረጥሽ ነው እንዴ?» ትለኛለች።

እሷ ትሳቅ፤ እኔ አልስቅም። ሚጡ የልጄ ልጅ ናት፤ እናቷ ሥራ ብላ ሩቅ ከሄደች ወዲህ እኔ እጅ ላይ ነው ያደገችው። ትኩሳቷን፣ የጥርሷን አበቃቀል፣ ከደረጃ ወድቃ የቆሰለውን ጉልበቷን፣ ሁሉንም የማውቀው እኔ ነኝ። እንደ ዕቃ ተጠንቅቄ፣ ምንም ሳይጎድልባት ነው ለአካለ መጠን ያደረስኳት። እሷ ያን ደህና አካሏን ይዛ ሄዳ ቲያትር ቤት ገባች። መግባቷ ሳያንስ፣ ስንት ተውኔት እያለ ያንኑ መርጠው ሰጧት፤ የእህቴን ጆሮ የበላውን።

እህቴ ታላቄ ናት፤ ከእኛው ጋር በውስጠኛው ክፍል ትኖራለች። የቤቱ ሰው ሁሉ እቴቴ ይላታል፣ ሚጡም ጭምር። ድሮ ግን ከተማው የሚያውቃት በሌላ ስም ነበር፤ «ጥፊ ቻይዋ» ነበር የሚሏት። ተውኔቱ የአንድ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። ባልየው ከሥራ ተባሮ፣ በሰው ፊት ተዋርዶ ወደ ቤቱ ይመጣና ምንም ያላጠፋችውን ሚስቱን በጥፊ ያጮላታል። ሚስትየዋ እቴቴ ነበረች፤ ሰዉ ትኬት የሚቆርጠው ለዚያች ጥፊ ብሎ ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኟት ጉንጯን በዓይናቸው ይፈልጉ ነበር። አንዱማ ታክሲ ውስጥ፣ «እንዲያው እንዴት ቢያሠለጥኑሽ ነው? ለሚስቴም ንገሪልኝ» ብሏታል፤ አብሬያት ነበርኩ፤ ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

መጀመሪያ ላይ ጥፊው የውሸት ነበር። ባልየው እጁን በፊቷ አጠገብ ያሳልፋል፤ እሷ ደግሞ ጀርባዋን ለተመልካች ሰጥታ፣ እጆቿን ከሆዷ ፊት ሸሽጋ፣ መዳፎቿን ጧ ታደርጋቸዋለች። በዚያው ቅጽበት ፊቷን ወደ ቀኝ ወርወር ታደርጋለች። ጥፊው የሚመጣው በግራ ጉንጯ በኩል ነዋ፤ አብራው መሸሽ አለባት። ለሚያይ ሰው የተመታች ይመስለዋል። በኋላ ግን የድሮው አዘጋጅ፣ ነፍሱን ይማረው ልበል አይማረው እኔ አላውቅም፣ «ይሄ ለኋላ ወንበር አይደርስም» አለ። እጅና ጉንጭ ይገናኙ ተባለ። ተገናኙ። ትርዒት ባለ ቁጥር ተገናኙ።

ቀጥሎ ፊልም ሊያደርጉት መጡ። መድረክ ላይ አንዴ መትተው ይለቋታል፤ ፊልም ላይ ግን መብራቱ ጠፋ፣ ፊልሙ ተቆረጠ፣ ሰው ሳለ እየተባለ ይደገማል። ያን ቀን በር የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ከግራ ጆሮዋ ቀጭን ደም ወርዶ አንገቷ ላይ ደርቋል። «ጥሩ ወጣ ብለውኛል» ነበር ያለችኝ። ያ ጆሮ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰምቶ አያውቅም።

የቲያትር ቤቱ መግቢያ ላይ እስከ ዛሬ የተሰቀለ ፎቶ አለ። አራት ወጣት ሴቶች ተቃቅፈው ይስቃሉ። አንደኛዋ ሁልጊዜ ሙሽራ ሆና ትጫወት የነበረችው ናት፤ ሳታገባ አርጅታ፣ የሰው ቬሎ ስትሰፋ ዓይኗ ጠፋ። ንግሥት የምትሆነዋ ድምፀ መረዋ ነበረች፤ ጉሮሮዋን ታማ፣ በመጨረሻ ውኃ ስጡኝ የምትለው እንኳ በእጇ ነበር። እናት የምትሆነዋን ልጆቿ መጥተው ወሰዷት፤ ከዚያ ወዲህ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። አራተኛዋ እቴቴ ናት። ከሥሩ የማንም ስም አልተጻፈም፤ «የቀድሞ ተዋናዮች» ይላል፣ በቃ።

እንግዲህ ሚጡ ሚስትየዋን እንድትጫወት መመረጧን ስትነግረኝ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጥፊው የእውነት ነው?»

«አዘጋጁ እንደ ፊልሙ ነው የምፈልገው ብሏል።»

«ፊልሙ ላይ እኮ የእውነት ነው!»

«ለዚህ ነዋ የሚያምረው፣ እማማ።»

እንጀራ ፍለጋ ሰው ስንት ነገር እያለለት ጆሮውን ይሸጣል? ቀጥ ብዬ እቴቴ ክፍል ገባሁ።

«ንገሪያት እንጂ! አንቺ ያልነገርሻት ማን ሊነግራት ነው?»

እቴቴ አንድ አመል አላት። መስማት የማትፈልገው ነገር ሲመጣ ቀስ ብላ ትዞርና የሞተውን ጆሮ ትሰጣለች። እኔም ዞሬ በቀኟ ሄድኩ። እሷም ዞረች። እንዲህ ስንዟዟር ያየን ሰው ሁለት አሮጊቶች ጭፈራ ጀመሩ ይል ነበር።

«አዘጋጁ ጠርቶኛል» አለችኝ በመጨረሻ። «መጥተው ያሳዩልን ብሏል።»

«ምኑን ነው የምታሳዪው?»

«እንዴት እንደሚቻል።»

«አብደሻል! የልጅ ልጄን ልታስመቺልኝ ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ የማሳያትን እኔ አውቃለሁ። ይልቅ ሰማያዊ ቀሚሴን ፈልጊልኝ።» ሰባውን አልፌም አንቺ ልጅ ነው የምትለኝ። ቀሚሱን አምጥቼ ስሰጣት መስተዋቱ ፊት ቆማ ዱቄት ፊቷ ላይ እየነካካች ነበር። ስንት ዘመን ማንም ጠርቷት አያውቅም። አንጀቴን በላችው፤ ቀሚሱን አለበስኳት። አብሬያትም ሄድኩ።

አዳራሹ ከውጭ ብርሃን ሲገቡበት ጨለማ ነው። የወንበሮቹ ስፖንጅ በየቀዳዳው ወጥቷል። መድረኩ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መዝጊያ የሌለው የበር መቃን ብቻውን ቆሟል። አዘጋጁ ወጣት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ጨዋ ነው። ጎንበስ ብሎ እጇን ሳማት።

«እትዬ፣ እኛ እኮ እርስዎን እያየን ነው ያደግነው።»

«እኔስ ማንን እያየሁ እንዳረጀሁ ታውቃለህ?» አለችው። ሁሉም ሳቁ።

ባል ሆኖ የሚጫወተው ጎረምሳ ትከሻው በር ይዘጋል፤ ግን ዓይን አፋር ነው። ለእኔ ወንበር አምጥቶልኝ ሸሸት አለ። ወንበሩን ያንጠለጠለው በግራ እጁ ነበር። ላቡንም የጠረገው በግራው። እኔ የሰው እጅ ማየት ልማዴ ነው፤ ልጅ ሳሳድግ የለመደብኝ ነው። ያኔ ግን ነገሩን ከነገር አላገናኘሁትም።

ልምምዱ ተጀመረ። ሚጡ ጥፊው ሳይመጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። አዘጋጁ ያስቆማል። እንደገና። ጎረምሳው ሳሳ አድርጎ ነካት፤ እሷም እንደገና ጨፈነች።

«ሚጡዬ፣ እንደዚህ ከሆነ ሰዉ ያውቅብናል» አላት አዘጋጁ። «አንተም ጠንከር አድርገው። ለኋላ ወንበር አይደርስም እኮ!»

ያቺው ቃል! ከሞተ ሰው አፍ ወጥታ በዚህ ልጅ አፍ ገብታለች። ጎረምሳው ጠንከር አደረገው። የሚጡ ጉንጭ ሲቀላ ከተቀመጥኩበት አየሁት፤ እንዴት ብድግ እንዳልኩ አላውቅም።

«ልጄን አትንኳት!»

«እማማ፣ በሞቴ አታዋርጂኝ!» አለች ሚጡ፤ ዕንባዋ መጥቷል። «ካልቻልሽ ውጪ ጠብቂኝ።»

ይኼኔ እቴቴ ተነሳች። «ተዋት» አለች ለአዘጋጁ። «እኔ ላሳያት።»

ደረጃውን ደግፌ አወጣኋትና እዚያው ከመጋረጃው አጠገብ፣ በግራዋ በኩል ቀረሁ። እቴቴ ሚጡን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ሹክ አለቻት። እሷ ሹክ ስትል ደግሞ አዳራሹ በሙሉ ይሰማል።

«ፊቴን አትዪ። ፊት የሚያየው ተመልካች ነው። አንቺ እጄን እዪ።» ወደ ጎረምሳው ዞረች። «አንተ ደግሞ እጅህን አሳልፈው እንጂ አታሳርፈው። ካረፈብኝ ጥርሴ ይወልቃል፤ እሱም የራሴ አይደለም።»

«እትዬ፣ እኛ የፈለግነው ግን...» ብሎ ጀመረ አዘጋጁ።

«የፈለጋችሁትን አውቃለሁ። ድምፁ የሚወጣው ከእጅ ነው፤ ያኔም ሳያበላሹት በፊት እንዲህ ነበር የሚሠራው። ከጉንጭ የወጣ እንደሆነ ጥበብ አይደለም፤ ዱላ ነው።»

ለካ ለዚህ ነበር የመጣችው! ዱቄቱም፣ ሰማያዊ ቀሚሱም፣ ሚጡን ለማዳን ነበር። ስንት ቀን ስጨቀጭቃት አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ጀርባዋን ለወንበሮቹ ሰጥታ ቆመች። እጆቿን ከሆዷ ፊት አዘጋጀች። ወገቧ ቀና አለ፤ ያን ጊዜ ያየኋት እህቴ ዱላ ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት የምትሄደዋ አልነበረችም። ጎረምሳው እጁን አነሳ። የግራ እጁን።

ያኔ ነው የገባኝ። እጁ የሚመጣው በቀኟ በኩል ነው። የእሷ አንገት ደግሞ የሚያውቀው አንድ መሸሻ ብቻ ነው፤ ወደ ቀኝ።

«እቴቴ፣ ግራኝ ነው! ልጁ ግራኝ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

የጮኽኩት በሞተው ጆሮዋ በኩል ነበር።

ጎረምሳው እንደተባለው አሳለፈው፤ እግዜር ያውቃል፣ ሊመታት አላሰበም። እሷ ናት ፊቷን ወርወር አድርጋ ከመዳፉ ጋር ያጋጨችው። የእጇ ድምፅና የጉንጯ ድምፅ አንድ ላይ ጧ አሉ። ወደቀች። ክንዷን አስቀድማ፣ ቀሚሷ እንኳ ሳይገለጥ፣ እንደ ጥንቷ ወደቀች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መብራት የሚይዙት ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ያላጨበጨበው ጎረምሳው ብቻ ነው፤ መዳፉን ገልጦ ያያል። እቴቴ ሚጡን ተደግፋ ተነሳች፤ ወደ ወንበሮቹ ዞራ ጎንበስ አለች።

«እቴቴ፣ አመመሽ?» አለቻት ሚጡ፤ የቆመችው በቀኟ በኩል ነው፤ በደህናው በኩል። እቴቴ አልዞረችም። ፈገግ እንዳለች ወደ ሰዎቹ ታያለች።

«ምነው፣ ጭብጨባውን አቆማችሁት?» አለች።

አላቆሙም ነበር።

ሐኪሙ የቀኝ ጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል፣ ድሮም የደከመ ጆሮ ነው፣ በዚህ ዕድሜ ብዙ ተስፋ አታድርጉ አለን። ጎረምሳው ቤት ድረስ መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እቴቴ እንዲገባ በእጇ ጠርታ ሻይ አስቀዳችለት። «ያንተ አይደለም፤ የአንገቴ ነው» አለችው። «አንገቴ ሌላ ነገር አልተማረም።»

እኔ ሚጡን ተውኔቱን ተይው ብዬ ለመንኳት። እግሯ ሥር ወድቄ ነው የለመንኳት ብል ማጋነን አይሆንም።

«ብተወው ሌላ ልጅ ያመጣሉ፣ እማማ» አለችኝ። «ያችን ይመቷታል።»

«ሌላዋ ልጅ የራሷ አያት ትድረስላት!» አልኩ። ክፉ ቃል ነው፤ ግን የተሰማኝ ያ ነበር።

አልተወችም። ሆኖም አዘጋጁን እኔው ባለሁበት፣ «እጅ ከነካኝ ያኔውኑ እወጣለሁ» አለችው። እሱም እሺ አለ። አዘጋጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ከስቷል፤ የኋላ ወንበር የምትባለዋን ቃል ሲያነሳ አልሰማሁም።

ማታ ማታ እቴቴ መስተዋቱ ፊት አቁማ ታለማምዳታለች። ድምፁን ስለማትሰማ የሚጡን አንጓ ጨብጣ በእጇ ነው የምትለካው። «መዳፍሽን ጎድጎድ አድርጊው! አንገትሽን ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩሽ!» ብላ ትጮኻለች። አሁን ድምፅዋን መመጠን አትችልም። እኔ ዕቃ ሳጥብ ጧ ባለ ቁጥር ብርጭቆ ከእጄ ሊያመልጥ ይደርሳል። ሮጬ ሄጄ የሚጡን ጉንጭ አያለሁ።

የመክፈቻው ዕለት እኔና እቴቴን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡን። አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል። እቴቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች። ከንፈር እያየች ቃሉን ሁሉ አብራ ትላለች፤ አንድም አልረሳችም። ባልየው በመቃኑ ገባ። ቆብ አውልቆ ጣለ። ሚጡ ጀርባዋን ሰጠችን።

ግራ እጁ ተነሳ። የእቴቴ ጣቶች ክንዴ ውስጥ ገቡ።

ጧ!

ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ በእመቤቴ!» አለች። ሚጡ ጠረጴዛው እግር ሥር ወደቀች። ከዚያ አዳራሹ ጭጭ አለ። በዚያ ጸጥታ መሐል እቴቴ ወደ እኔ ዞራ ባለ በሌለ ድምፅዋ ጠየቀችኝ።

«ደረሰ? ለኋላ ወንበር ደረሰ?»

«ሽ!» አሉ ከግራም ከቀኝም።

«እማማ፣ ዝም ይበሉ እንጂ፣ ሰው ይስማበት!» አላት ከኋላችን የተቀመጠ ወጣት።

እሷ የት ሰምታው። ክንዴን ጨብጣ አፌ አፌን እያየች መልሴን ትጠብቃለች። ራሴን ነቀነቅኩላት። እየነቀነቅኩም ዓይኔ ሚጡ ላይ ነው። መብራቱ ሥር ወድቃ፣ ተውኔቱ እንደሚያዝዛት ጉንጯን በእጇ ሸፍናለች። እጇን እስክታነሳው እጠብቃለሁ።