የአሰልጣኙ ልጅ የወተት ጥርሶች

ተማሪዎቹ «ፍሬን» ይሉታል። መኪና መንዳት ሲያስተምር በእሱ በኩል በተገጠመው ተጨማሪ ፍሬን ላይ እግሩን እንደተከለ ነው የሚውለው፤ ምላሱ ግን ፍሬን የሚባል ነገር አልተገጠመለትም። ቁልቁለቱ ሳይደርስ ማርሽ ቀንስ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ጎማህን እይ፣ ኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብህ እያለ ስለ ጥንቃቄ ሲሰብክ ይውላል። ማታ ቤቱ ሲገባ ታዲያ ጥንቃቄውን ከጫማው ጋር በር ላይ ያወልቀዋል።

ሚስቱ ዳቦ ቤት የማታ ተረኛ ናት። የአራት ዓመት ልጃቸውን ሚጡን ማስተኛት የእሱ ድርሻ ነበርና አንድ የረቀቀ ዘዴ ፈጠረ፤ ጡጦ ሙሉ ወተት፣ ደህና አድርጎ ስኳር፣ ልጅቷ አልጋዋ ውስጥ፣ እሱ ቴሌቪዥኑ ፊት። ኳሱ ሳይጀመር ቤቱ ጸጥ ይላል። ሚስቱ ልጅቷ ጡጦ ከተወች እንደቆየች ነበር የምታውቀው፤ እሱም ይህን እውቀቷን ሊያበላሽባት አልፈለገም። ጠዋት ጡጦውን አጥቦ የመኪና መፍቻዎቹ መሀል ይሸጉጠዋል። ጥርስ ማጠቡንማ ሚጡ ራሷን ችላለች። ብሩሹን እያኘከች መስታወቱ ፊት ትንሽ ከቆመች፣ እሱ ታጠበች ብሎ ይመዘግብላታል።

ጥርሷ ላይ፣ ከድዷ ሥር፣ ነጭ መስመር ሲወጣ የወተት እድፍ ነው አለ። መስመሩ ወደ ቡናማ ሲለወጥ ብስኩት ነው አለ። አንድ ቅዳሜ ሚጡ ደረቅ ዳቦ ገመጠችና የፊት ጥርሷ ቁራጭ ዳቦው ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ፍሬን ጥፋተኛ ፍለጋ ተነሣ። መጀመሪያ የሚስቱ ወገኖች ተከሰሱ፤ ዘራቸው በሙሉ ጥርሱ ለኮፍ ሲያደርጉት የሚረግፍ ነው ተባለ። ቀጥሎ የመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪ ከረሜላ በማደል ተጠረጠረች። አማቱ በስልክ «የጥርስ ትል ነው» አሉት፤ ትል ደግሞ ማንንም አባት ስለማያስወቅስ ምርመራው በጣም ተመቸው። ሚስቱ ድካም እየጣላት ሁሉንም አደመጠች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለወንድ ጭምር እንደሚሠራ ገና አላወቀችም።

ሰኞ ሦስቱም የጥርስ ክሊኒክ ሄዱ። ፍሬን ሐኪሟን ሲያይ ክው አለ። መኪና ወደ ኋላ አስገብቶ ማቆም አቅቷት «የአንቺ እጅ ለስስ ሥራ አልተፈጠረም» ያላት የቀድሞ ተማሪው ናት። እሷ ግን በትሕትና «እንደምን ነዎት ጋሼ» ብላ ተቀበለችው። ያስፈራውም ትሕትናዋ ነው።

ሚጡን ረጅሙ ወንበር ላይ አጋድማ አፏን በትንሿ መስታወት ስታይ ቆየችና ማታ ስትተኛ ምን እንደምትጠጣ ጠየቀች። ፍሬን ውሃ አለ። ሚስቱም በየዋህነት ውሃ አለች። ሚጡ የሐኪሟን እጅ ገፋ አደረገችና፣

«ጡጦ ነው» አለች። «አባቢ ኳስ ሲያይ ስኳር ያለው ይሰጠኛል። ከዛ መፍቻው ጋ ይደብቀዋል።»

ሚስቱ ቀና ብላ አላየችውም። የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋች፣ ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች።

ሐኪሟ ስለ ትሉ ሲነገራት አልሳቀችም። ትል ሳይሆን አፍ ውስጥ የሚኖሩ ጀርሞች መሆናቸውን፣ ስኳሩን አሲድ እያደረጉ የጥርሱን ሽፋን እንደሚበሉት አስረዳች። ቀን ቀን ምራቅ ትንሽ ያጥበዋል፤ በእንቅልፍ ግን ምራቅ ስለሚቀንስ የሚጡ ጥርስ ስኳር ውስጥ ተዘፍዝፎ ነበር የሚያድረው። ብስኩትና ጭማቂ ቀኑን ሙሉ መቀማመስም ያው ነው፤ ጥርስ እፎይ የሚልበት ጊዜ ያጣል። ፍሬን የቀረችውን ክብር ለማዳን ሞከረ።

«ለነገሩ የወተት ጥርስ ነው። መውለቁ መቼ ይቀራል?»

«ጋሼ፣ መቀየሩ አይቀርም ብለው በተቀደደ ጎማ ይነዳሉ?» አለችው። «እስኪተካ ድረስ ያማታል፣ ምግብ አያስበላትም። ለሚመጣው ጥርስም ቦታ የሚይዝለት እሱ ነው።»

ሁለቱ የፊት ጥርሶች መነቀል ነበረባቸው፤ መንጋጋዎቹ ግን ቀዳዳቸው ተሞልቶ ይተርፋሉ። ከዚያ ሐኪሟ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የአተር ፍሬ ያህል ብሩሽ ላይ አድርጋ ለፍሬን ሰጠችው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ጥርሷን ብቻዋን አታጥብም፤ ሰባት ስምንት ዓመት እስኪሆናት ጠዋትና ከመኝታ በፊት የሚያጥባት አዋቂ ነው፤ ማታ ከታጠበች በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አትቀምስም።

«አሁን እርስዎ ያሳዩኝ።»

ጀመረ። የኋላውን ዘለሉት አለችው። እንደገና ጀመረ። ውስጠኛውን ረሱት አለችው። ሲጣደፍ ደግሞ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀስ ብለው፤ ማንም አላባረረዎትም» አለች። እሱ ሲያስተምራት ይላት የነበረውን ነው። ላብ አጠመቀው። ሚጡ አፏን ከፍታ ታየዋለች፤ እንዲህ ስትደሰት አይቷት አያውቅም።

መንገድ ላይ ሚስቱ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እናቴ ጋ ደውለህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ዘሬን በሙሉ ጥርስ አልባ አድርገኸው ነው የሰነበትከው።» ደወለ። አማቱ ይቅርታውን በደስታ ተቀበሉት፤ ስለ ትሉ ግን አሁንም አቋማቸው አልተለወጠም።

ጡጦውን ማስጣል ቀላል አልሆነም። መጀመሪያ ስኳሩ ቀረ፣ ቀጥሎ ወተቱ በውሃ እየቀጠነ ሄደ። ሚጡ ቀምሳ «አባቢ፣ ይሄ ተበላሽቷል» ብላ አለቀሰች። የዋንጫውን ጨዋታ ፍሬን የተከታተለው ልጁን አቅፎ እየተንጎራደደ፣ በግድግዳው በኩል ከሚመጣው የጎረቤት ጩኸት ነው።

ሚጡ አሁን «ሰ» ማለት አይሆንላትም፤ መንጋጋዎቿ ግን አያሟትም። ፍሬን ጠዋትና ማታ ያጥባታል፤ ሲሰለቻት አውራ ጣቱን ትነክሰዋለች። ጣቱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ሥራ ሲገባ አንድ ተማሪ ጣትዎን ምን ነካዎት ጋሼ አለው። ፍሬን ቀይ መብራት ላይ እንደቆሙ ስለ ጀርሙ፣ ስለ አሲዱ፣ ስለ ምራቅ፣ ነገሩን ሁሉ ራሱ ደርሶበት እንዳገኘው አድርጎ ያብራራለት ጀመር። ተማሪው መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን ቢነግረውም፣ ገና የመንጋጋው አስተጣጠብ ይቀረው ነበር።