የሞሮላዮ ግራ ጆሮ

የአክስቴ ልጅ ሞሮላዮ ግራ ጆሮዋን በአደባባይ አሳይታ አታውቅም። በልጅነቷ ለጉትቻ የተበሳው ቁስል ከሻረ በኋላ ጠባሳው ከቀዳዳው አልፎ አደገ፤ እያደር የዘንባባ ፍሬ አከለ። ስለዚህ ሻሿን ሁልጊዜ ወደ ታች ስባ ታስራለች። ለሠርጓ የተመኘችው አንድ ነገር ነበር፦ ሻሿ ከጆሮዋ በላይ ከፍ ብሎ እንዲታሰርላት።

እናቴ አሳኬ በአቤኦኩታ ከተማ ጨርቅ በክር እየቋጠረች ሰማያዊ ቀለም የምትነክር ሴት ናት። ክር የማይፈታው ችግር የለም ብላ ታምናለች።

«ነይ እስቲ፤ ሥሩን ጥብቅ አድርጌ ልሰረው፣ ራሱ ይረግፋል።»

አሰረችው። መገለ። ከዳነም በኋላ ወፍሮ ተነሣ።

«እትዬ፣ ይረግፋል ያልሽው እኮ ወለደ!» አለች ሞሮላዮ።

ወደ ሐኪም ሄድን። ዶክተር ኦሞላራ የክሩን ነገር ሰምታ ጆሮዋን ዳሰሰች።

«ኬሎይድ ይባላል። ካንሰር አይደለም፣ አይጋባም፣ የማንም ክፉ ዓይን አይደለም። ቆዳሽ ትጉ ግንበኛ ነው፤ ግድግዳው ካለቀ በኋላም መለሰኑን አይተውም።»

«እንግዲያው ቆርጠሽ ጣይልን፣ ልጄ» አለች እናቴ።

«ዝም ብዬ ብቆርጠው ግንበኛው ብሶበት ይመለሳል፣ እማማ። መጀመሪያ ጠባሳው ውስጥ መርፌ እየወጋን እናለሰልሰዋለን፤ ከዚያ እንቆርጠዋለን፤ ከዚያም ሌላ መርፌ፣ ለወራት ደግሞ ጆሮውን የሚጫን መቆንጠጫ። ያኔም ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም። ክርዎን ግን ለጨርቅ ያቆዩልኝ።»

ሠርጉ ሲደርስ እብጠቱ ተቆርጦ ጆሮዋ ድኗል፤ መቆንጠጫው ግን እንዳለ ነው፤ ሁለት ክብ ላስቲኮች ጆሮዋን መሐል አድርገው ይጫናሉ።

«ዶክተሯ ጥቂት ሰዓት ማውለቅ ይቻላል ብላለች እኮ» አልኳት።

«የማን ሠርግ ነው በጥቂት ሰዓት የሚያልቀው? ከበሮ መቺው ገና ሲሞቀው ይነጋል። አውልቄ ብረሳውስ? ያንን ግንበኛ አላምነውም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ተዪው፤ ሻሹን ወደ ታች እሰሪልኝ።»

እናቴ ይህን ሰምታ ወደ ማቅለሚያ ቤቷ ገባች። የሙሽራዋ ወገን ሴቶች ሁሉ የሚለብሱትን አንድ ዓይነት ጨርቅ የነከረችው እሷ ነበረች፤ ቁርጥራጩም እዚያው ተርፏል።

በሠርጉ ጠዋት አክስቶቻችን ተከታትለው ገቡ። የሁሉም ቀኝ ጆሮ ባዶ፤ በግራቸው ላይ በዚያው ሰማያዊ ጨርቅ የተለበጠ ክብ መቆንጠጫ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ሞሮላዮ።

«የወገን ልብስ ነዋ! ዘንድሮ ከጆሮ ይጀምራል» አለች እናቴ።

«አሳኬ፣ ይቆነጥጣል!» አለች አንዷ።

«ዝም በይ! ልጅቷ ስንት ወር ችላው አንቺ አንድ ቀን ያቅትሽ?»

እናቴ ለኔም አንዱን ቆነጠጠችልኝና የቀረውን ክብ ቁራጭ በሙሽራዋ መቆንጠጫ ውጫዊ ገጽ ላይ ለጠፈችው። እኔም ሻሹን ወደ ላይ፣ ከጆሮዋ በላይ አሰርኩት።

ሞሮላዮ አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ የሙሽራው አያት ጆሯችንን አንድ በአንድ አስተዋሉ፤ ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ለኛ ወገን ለምን አልተላከም?» ብለው ተቆጡ።