የዊኒ ገብስ

ነጩ ዓሣ ቀበጥ ነው። በብርድ ወራት ግግር በረዶ በሚሆነው ሲምኮ ሐይቅ ላይ የማጥመጃ ጎጆ የተከለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሌላው ዓሣ ሲርበው ይነክሳል። ይሄኛው ግን ከሐይቁ ወለል ላይ ተኝቶ፣ ትንሿን አፉን ሰብሰብ አድርጎ፣ የቀረበለትን ይቀምሳል፣ ይተፋል፣ እንደገና ይቀምሳል። ስለዚህ ይለመናል። ገብስ ይቀቀልና በጨው ከተያዙ ትንንሽ ዓሣዎች ጋር ተደባልቆ፣ በጎጆው ወለል ሥር በተቦረቦረው ግግር በረዶ በኩል ማለዳ ማለዳ ይበተንለታል። ቦታውን ገበታዬ ብሎ ሲለምድ ነው መንጠቆ የሚወርድለት። ዓሣ መብላት በብልሃት ነው ይባል የለ፣ ማጥመዱም እንደዚያው ነው።

ጎጆ አይቆለፍም። ውሽንፍር የያዘው ሰው የማንንም በር ከፍቶ ይገባል፣ ምድጃ ለኩሶ ይሞቃል፣ ሻይ ካገኘም አፍልቶ ይጠጣል፤ ደግ አደረግህ ይባላል። ሌላ ሰው በቀለበው ጉድጓድ መንጠቆ መጣል ግን ነውር ነው። የጻፈው የለም፣ መጻፍም አላስፈለገውም። ሽማግሌው ኦርቫል ይህን ስንቱን ጎረምሳ እየጮኸ አስተምሯል።

ዘንድሮ ግን ራሱ ኦርቫል አንድም ነጭ ዓሣ አላወጣም። ምክንያቱን ከእሱ በቀር በትክክል የሚያውቀው የለም። የነጩ ዓሣ ንክሻ ንክሻ ተብሎ የሚጠራ አይደለም፤ ከጣት ጫፍ በቀር የሚያገኘው የለም። የኦርቫልን ጣቶች ደግሞ የስኳር በሽታው ካለፈው ዓመት ጀምሮ አደንዝዟቸዋል። ልጁ ዳሪል አባቱ የጋለ ምድጃ ላይ መዳፉን አሳርፎ ወሬ ሲቀጥል አይቶት ደንግጧል።

"አባዬ፣ ብቻህን ግግር ላይ መዋል ይብቃህ። ጎጆዋን ወደ ዳር ልጎትታት።"

"ምን ሆንኩና?"

"እጅህ ምን እንደሆነ ንገረኝ፣ ከዚያ እተውሃለሁ።"

"እጄን ተወው! አንተን ያሳደገ እጅ ነው።"

"እሺ። እስከ ቅዳሜ እራት አንዲት ነጭ ዓሣ አምጣና አፌን እዘጋለሁ። ካላመጣህ እሁድ በበረዶ ሞተሬ መጥቼ ጎጆህን እወስዳታለሁ።"

"አንዲት? ሦስት ነው የማመጣልህ!" አለ ኦርቫል። ጉራ እንደሆነ አፉን ሳይዘጋ አውቆታል። ጎጆዋ ከሄደች የቀረው ነገር መስኮት ሥር ተቀምጦ የሌሎቹን ጎጆዎች ጭስ መቁጠር ነው፤ እንዲህ ሆነው የቀሩ ጓደኞች አሉት፣ ሄዶ ሲጠይቃቸው ሐዘን ቤት የገባ ነው የሚመስለው።

ከጎኑ ያለችው ጎጆ የዊኒ ናት። ዊኒ የሟቹ የሞርሊ ሚስት ናት፤ ሞርሊ ደግሞ የኦርቫል የልብ ጓደኛ ነበር። ባሏ በሕይወት እያለ ግግር ላይ ረግጣ አታውቅም። ሲሞት ግን ጎጆውን አልሸጥም አለች፣ ገብስ መቀቀል ጀመረች። ነጭ ዓሣ አውጥታ አታውቅም።

"ዊኒ፣ ይሄ ንፍሮ ነው ገንፎ? ዓሣው ማንኪያ ይዞ ይምጣ?" ይላታል ኦርቫል ድስቷን እያየ።

"የአንተስ? ጥሬውን የምትበትነው ዶሮ ልታጠምድ ነው?"

ሰሞኑን ታዲያ ሳቋን ገታ አድርጋ በጎጆዋ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ክር አሳይታው ነበር። ጫፉ ላይ ሞርሊ ከአሮጌ ማንቆርቆሪያ ቀጥቅጦ የሠራው የመዳብ የዓሣ ማባበያ አለ። "ዓሣው መልመዱን እስካውቅ አልነካውም" አለች። "የመጀመሪያዬን በሞርሊ መዳብ ነው የማወጣው። ከዚያ በፊት ማንም እንዳይነካብኝ።"

ኦርቫል ይህን ሰምቷል። አልሰማሁም የሚልበት መንገድ የለውም።

ቅዳሜ ዊኒ ለቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እራት ድንች ልትልጥ ወደ ከተማ ሄደች። ኦርቫል ከማለዳ ጀምሮ በራሱ ጎጆ ጉድጓዱ ላይ አጎነበሰ። ጣቶቹ መሃል ያለው ክር ይኑር አይኑር የሚያውቀው በዓይኑ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሣ፣ ወደ ዊኒ ጎጆ ሄደ። የሄድኩት ጉድጓዷ እንዳይጋገርባት ውሃውን ላጠራላት ነው አለ ለራሱ። እንዲያውም በጭልፋ በረዶውን ጠረገላት። ከዚያ ትንሽ ልረፍ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ክሩን ከሚስማሩ ላይ አወረደው።

መዳቡ የሐይቁን ወለል ሲነካ ወደ ላይ ሳብ አደረገው፣ አቆመው። ነጭ ዓሣ ሲቀምስ ማባበያውን አንሥቶ ይይዘዋል፤ የተወጠረው ክር ድንገት ይላላል። ኦርቫል ክሩ ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። ክሩ ላላ። ጎተተ። ዓሣው በጉድጓዱ አፍ ብቅ ሲል ብር መሰለ፣ ኦርቫልም እንደ ልጅ ሳቀ፤ ቀና ሲል የሞርሊን አሮጌ ኮፍያ በሩ ላይ ተሰቅሎ አየው። ክሩን ወደ ቦታው መልሶ፣ ዓሣውን ካፖርቱ ሥር ሸሽጎ ወጣ። ካፖርቱ ሥር የገባ ዓሣ ደስታው እዚያው አለቀ።

አዳራሹ ውስጥ ዳሪል ዓሣውን ከፍ አድርጎ ለሰዉ ሁሉ አሳየ። "በቃ፣ ተሸነፍኩ! አባዬ ከእነ ጎጆው ግግሩ ላይ ይቅር!" ሰዉ አጨበጨበ። ዊኒ ከማዕድ ቤት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሮጣ ወጣች።

"ያዘ? ያዘ እንዴ?" አለች። "ኦርቫል፣ እንዳትቆጣኝ! ሰው ጉድጓድህ ላይ እጁን ሲያስገባ እንደማትወድ አውቃለሁ። ግን ዘንድሮ በየቀኑ ባዶ እጅህን ስትመለስ አይቼ አሳዘንከኝ፤ በየማለዳው አንተ ሳትመጣ የገብሴን ግማሽ በአንተ ጉድጓድ እበትንልህ ነበር። ገንፎ እያልክ የሰደብከውን ገብስ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ለኦርቫል ነገሩ አሁን ገባው። ዓሣው በራሱ ጉድጓድ ሥር ተሰብስቦ ከርሟል ማለት ነው፤ ሲቀምስ ሲተፋ ሰንብቷል፣ እሱ ግን አልሰማም። ያንን ያበላችለትን ሴት ሄዶ ሰረቃት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ነውና፣ ጀርባውን መታ መታ የሚያደርገው እጅ ሁሉ ጅራፍ ሆነበት። እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ፣ "ድንቹ ጨው አንሶታል" ብሎ ዘጋው። ወንድነቱ ያን ያህል ነበር። ዊኒ ከዓሣው ትልቁን ቁራሽ ለእሱ አወጣችለት፣ እሱም አፍሮ በላው።

እሁድ ማለዳ ዊኒ ድስቷን ይዛ የኦርቫልን ጎጆ በር አንኳኳች። "አሁንማ መደበቅ ቀረ፤ በፊትህ ልበትንልህ" አለች እየሳቀች።

"አትበትኚ" አለ ኦርቫል። "ዓሣው ከእኔ ጉድጓድ አይደለም የወጣው። ከአንቺ ነው።"

የዊኒ ሳቅ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ወዴት እንደሚሄድ ያጣ ይመስል ነበር።

"በየትኛው ክር?" አለች።

"በሞርሊው።"

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ድስቷን አቅፋ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ኦርቫል ግግሩ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ብሎ ተመኘ፤ ግግሩ ግን ወፍራም ነው።

"ሞርሊ ስለ ነጩ ዓሣ ንክሻ ሊነግረኝ ይጀምርና ቃል ያጥረው ነበር" አለች። "'አንድ ቀን በራስሽ እጅ ታውቂዋለሽ' ይለኝ ነበር። እንግዲህ የእኔን አንተ ወሰድከው። ቢያንስ ንገረኝ፤ ምን ይመስላል?"

ሊዋሽ ይችል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ንክሻ ነው፤ አሳምሮ ሊያወራላት ይችላል። እጆቹን አያቸው።

"አልተሰማኝም" አለ።

"እንዴት አልተሰማህም?"

"ክሩ ሲላላ በዓይኔ አየሁ፣ ጎተትኩ። እጄ ምንም አይሰማም ዊኒ። ከአምና ጀምሮ ምንም።"

ዊኒ ተነሣች። ድስቷን ይዛ ወጣች፣ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ኦርቫል የእሷ በር ሲከፈት ሰማ፤ ገብሱ ውሃው ላይ ሲወርድም የሰማ መሰለው። ስልኩን አወጣ። ቁልፎቹን በጣቱ ጫፍ ማግኘት ስላቃተው በጣቱ አንጓ እየተጫነ ለልጁ ደወለ።

"ሞተሩን ይዘህ ና፣ ጎጆዋን ውሰዳት።"

"ምን ነካህ አባዬ? ዓሣ አምጥተህ የለም እንዴ?"

"አላመጣሁም" አለ ኦርቫል።