በደረቁ የሚቆርጠው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ ድንጋይ ቆራጭ ነው። ለደረጃና ለመስኮት ደፍ የሚሆን ግራናይት ይቆርጣል። በሥራ ቦታችን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ቁርጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለማይዛነፍ «ክሩ» ይሉታል። እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ እሱ የቆረጠውን ውሃ እያፈሰስኩ አለሰልሳለሁ። ጣቶቼ ከውሃ ተለይተው ስለማያውቁ እንደ አሮጊት ጣት ተጨማደዋል፤ ሳንባዬ ግን ደህና ነው። የሱ ሳንባ ነው የኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ።

መቁረጫው አቧራውን የሚይዝ የውሃ ጎማ አለው። ግን ውሃ የእርሳስ መስመር ያጥባል፤ መስመሩ ከጠፋ ደግሞ ወንድሜ እጁ የታሰረ ይመስለዋል። ስለዚህ ጎማውን ዘግቶ በደረቁ ይቆርጣል። አቧራው መስመሩን ሲሸፍንበት ጎንበስ ብሎ እፍ ይላል፤ መስመሩ ብቅ ሲል ይቀጥላል። አሠሪያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማስክ በካርቶን ገዝተው አስቀምጠዋል። ማስክ አድርጎ ግን እፍ አይባልም። የወንድሜ ማስክ ከአገጩ በላይ ወጥቶ አያውቅም።

«አገጭህን ብርድ እንዳይመታው ነው?» እለው ነበር። ይስቃል። በኋላ ግን ሲስቅ ሳሉ አላቆም እያለ ስላስቸገረው ማሾፌን ተውኩ።

አንድ ቀን ነርስ መጥታ ሁላችንንም በየተራ የሳንባ አቅም የሚለካ ቱቦ አስነፋችን። የወንድሜ ተራ ሲደርስ ሦስቴ ደጋግማ አስነፋችው፤ ከዚያ ወንበሯን ወደሱ አስጠጋች።

«የገባው አቧራ አይወጣም» አለችው። «የሚያወጣው መድኃኒትም የለም። ከአቧራው ከራቁ ግን በሽታው ቀስ ሊል ይችላል።»

«ካልራቅኩስ?»

«ሸሚዝዎን መቆለፍ ራሱ ያደክምዎታል።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ መከራው ነጭ ጋውን ለብሶ መጥቶ መከረልኝ አልኩ። አሠሪያችንም ደመወዙን ሳይነኩ በር ጠባቂ አደረጉት። ሚስቱ ለወንበሩ ትራስ ሰፍታ ላከችለት።

በሩ ላይ ተቀምጦ ግን ጆሮው ከመቁረጫው አልተለየም። በሱ ቦታ የገባው ሰው በውሃ ነው የሚቆርጠው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ እጁ ግን ያመነታል። ድምፁ ትንሽ ሲለወጥ ወንድሜ ከወንበሩ ላይ ሆኖ «ወጣ፣ ከመስመሩ ወጣ» ይላል። ያ ድንጋይ እኔ ጋ ሲመጣ በእርግጥም ተዛንፏል። አልነገርኩትም። እሱ ግን ፊቴን አይቶ ያውቃል።

አንድ ጠዋት ስመጣ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ከውስጥ የደረቅ ቁርጥ ጩኸት ይሰማል። በቀጥታ ወደሱ ገባሁ።

«ወንድም ጋሼ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ» አልኩት።

«እዚያ ተቀምጬስ መች ትንፋሼ ረዘመ?» አለኝ። «ማጠሩ ካልቀረ፣ የማውቀውን እየሠራሁ ይጠር።»

ሄጄ ውሃውን ከፈትኩበት። ዘጋው። ደግሜ ከፈትኩ፤ ደግሞ ዘጋ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። አሠሪያችን ዘንድ ሮጥኩ።

«እኔስ ምን ላድርገው ልጄ?» አሉኝ ራሳቸውን ይዘው። «ባባርረው ሌላ ግቢ ገብቶ ይቆርጣል። እዚህ ሲሆን ቢያንስ አንቺ አለሽ።»

እኔ አለሁ። መኖሬ ምን እንደሚፈይድ ግን አልገባኝም። ማታ ሚስቱ ደውላ እንዴት እንደዋለ ስትጠይቀኝ «ደህና ነው» እላለሁ፤ እሷም ውሸቴን እያወቀች ታመሰግነኛለች።

ትናንት የደረጃ ድንጋይ እየቆረጠ ነበር፤ ረጅም፣ ጥቁር። መሃል ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ እፍ አለ። አቧራው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ሞከረ። መቁረጫውን አጥፍቶ ድንጋዩን ተደግፎ ይስል ጀመር። ሳሉ ሲያባራ ቀና ብሎ በግቢው ውስጥ በዓይኑ ፈለገኝና በጣቱ ጠራኝ።

አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሁሉ ተገትሯል። አንጀቴን በላው።

«እስቲ አንቺ እፍ በይልኝ» አለኝ።

እምቢ ልለው አፌን ከፈትኩ። እምቢ ብለው ግን እስኪወድቅ ድረስ ራሱ ይሞክራል፤ አውቀዋለሁ። ደግሞም በሕይወቱ አንድ ነገር አድርጊልኝ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው። ማስኬን ወደ አገጬ አወረድኩና ጎንበስ ብዬ እፍ አልኩ። አቧራው ፊቴ ላይ ተነስቶ ዓይኔ ውስጥ ገባ። መስመሩ ብቅ አለ።

«ጎበዝ» አለኝ። «አሁን እንዳትርቂ፣ እዚሁ ቁሚልኝ።»

መቁረጫውን አስነሳ።